የአባዬ ብስክሌት በሱሉልታ ጉም ውስጥ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ቻርጅ አላደርግ ብሎኝ ቡራዩ ከአስፋልቱ ዳር ወዳለች አንዲት ጠባብ የስልክ መጠገኛ ገባሁ። ጠጋኙ ልጅ የስልኩን ጀርባ ፈልቅቆ መበየጃውን ሲያስጠጋ ቀጭን ጭስ ብድግ አለ። የስታኞ ሽታ ነው፤ የሚቀልጠው የብየዳ ቆርቆሮና ሙጫው። «ጭሱ ከከበደሽ ውጪ ጠብቂ» አለኝ። አልወጣሁም፤ እንዲያውም ጠጋ አልኩ። ያንን ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሱሉልታ፣ በኦቦ ድሪባ በረንዳ ላይ ነው።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባን ለቅቀን ሱሉልታ የገባነው አባዬ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ስላገኘ ነበር። ሁለት ክፍል ተከራይተን የገባነው ኦቦ ድሪባ ግቢ ነው። ኦቦ ድሪባ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑ፣ ረጅምና ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ላም ያልባሉ። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር እንደነበሩ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዶሮዎቹ የሚያድሩት አሮጌ ጎማ ውስጥ ነው፣ ላሞቹ ውሃ የሚጠጡት ለሁለት ከተቆረጠ የነዳጅ ታንከር ነው፣ በረንዳው ላይ ደግሞ ሽቦ፣ የተሰበረ መብራትና ብሎን የታጨቀበት የእንጨት ሣጥን አለ። ሲነዱ ግን ያየ ሰው አልነበረም። የሚኒባስ ጋቢና ውስጥ እንኳ አይገቡም፤ ከኋላ ነው የሚቀመጡት።

ጠዋት ጠዋት ለሽማግሌ በኦሮምኛ «አከም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደሩ፣ እንደሚባል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለእኩያዬ «አከም ቡልቴ» እንድል፣ እንዳላሳስተው ደግመው ደጋግመው አስጠኑኝ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስጫወት የቀረውን ኦሮምኛ ቶሎ ቶሎ ለቀምኩት፤ የማላውቀውን ቃል ደግሞ እንደመሰለኝ እተረጉመው ነበር።

የአባዬ ሥራ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት በእኛ በኩል ታክሲ የለም። የዘገየ ደግሞ ከበር ይመለሳል። ስለዚህ አባዬ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ከባድ፣ ጥቁር የቻይና ብስክሌት ገዛና በየጠዋቱ በዋናው መንገድ ዳር ዳሩን ይዞ መሄድ ጀመረ። መንገዱ ወደ ጎጃም የሚሄድ ነው፤ ጭነት መኪናው ሌት ተቀን አያቋርጥበትም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ መጣ።

የሱሉልታን የክረምት ጉም ያላየ ሰው ጭስ ይመስለዋል። ጭስ አይደለም። እርጥብ ነው፣ ከሜዳው ይነሣል፣ አጥር አይመልሰውም። በር ስትከፍቱ ይገባል። ከቤታችን ደጃፍ ቆሜ የኦቦ ድሪባን ላሞች ጩኸት እሰማለሁ እንጂ ላሞቹን አላያቸውም።

አንድ ጠዋት ኦቦ ድሪባ እያለቡ አባዬ ብስክሌቱን እየገፋ ሲያልፍ፣ «ታደሰ» አሉት፣ «አንተ አትታይም።»

አባዬ ሣቅ አለ። «በዚህ ጉም ማን ይታያል ብለው ነው፣ ኦቦ?»

«እኔ እየነገርኩህ ነው። አትታይም።»

ከዚያ አባዬ ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ ኦቦ ድሪባ ፊታቸውን ወደ ላሟ ጎን አዞሩ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉ ነበር። እኔ አንዳንድ ሰው ውሻ እንደማይወደው ሁሉ እሳቸውም ብስክሌት የማይወዱ መስሎኝ ነበር።

«አትታይም» ያሉትን ግን እንዳለ ወሰድኩት። አባቴ የማይታይ ሰው ነው ማለት ነው። በነጋታው ለማጣራት ከአልጋ ወርጄ በር ላይ ቆምኩ። አባዬ ከግቢው ወጣ። መጀመሪያ እግሮቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ መጨረሻ ላይ ምሳ ዕቃውን የያዘችው ነጭ ፌስታል ብቻዋን ትንሽ ሄዳ እሷም ጠፋች። ኦቦ ድሪባ እውነታቸውን ነው። በዘር የሚመጣ ነገር ይሆን ብዬ እጄን ወደ ጉሙ ዘርግቼ አየሁት። ጣቶቼ ነበሩ። እማዬን ምሳ ላይ፣ «አባዬ ሲጠፋ የት ነው የሚሄደው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሥራ ነዋ» አለችኝ። «የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

ሐምሌ ሲጋመስ ነው፣ አንድ ጠዋት አባዬ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ መጣ። ብስክሌቱን ተሸክሞታል። የኋላው ቸርኬ ተጣሟል። ግማሽ ፊቱና ጆሮው በጭቃ ተለስኗል።

«ተንሸራትቼ ነው» አለ።

እማዬ ውሃ አሞቀች። ጭቃውን አጥባ ሸሚዙን ስታወልቅለት ትከሻው ላይ ቆዳው ተልጦ ደም አቅርሯል። እጇን ሰበሰበች።

«ታደሰ፣ መንሸራተት ትከሻ አይልጥም።»

አባዬ ወለሉን አየ። «መኪና ገፋኝ። ቦይ ውስጥ ነው የወደቅኩት፣ ምንም አልሆንኩም።»

«ቆመ?»

«አልቆመም። አላየኝም። ቢያየኝማ ይቆም ነበር።»

እማዬ ትከሻውን አጥባ ጨረሰች። እኔ ጥጉ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መኖሬን የረሱት መሰለኝ። በኋላ፣ «ወይ እንድትታይ አድርገህ ትሄዳለህ፣ ወይ ሥራውን ትተህ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን» አለችው። «በየጠዋቱ በር ላይ ቆሜ የመኪና ድምፅ ሳዳምጥ መኖር አልችልም።»

አባዬ እስከ ሰኞ ፈቃድ ጠየቀ። ቸርኬውን የሚያቃና ሰው ጋ ወሰደው። እኔ ደግሞ ከጭቃው መሃል አንድ ነገር አገኘሁ፤ ብስክሌቱ ፓራፋንጎ፣ ጭቃ መከላከያው፣ ላይ ተሠክቶ የነበረ ቀይ የፕላስቲክ ክብ ነገር። አባዬ «አንጸባራቂ ነው» አለኝ። ማታ በሚኒባስ ስንሄድ በሌላ ብስክሌት ላይ ሲበራ ስላየሁ አምፖል መስሎኝ ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤው ገባሁ፤ አልበራም። አንቀጠቀጥኩት፤ አልበራም። ባትሪው አልቆ ይሆናል ብዬ በቢላ ፈለቀቅኩት። ውስጡ ባዶ ነው። የፕላስቲኩ ጀርባ ብቻ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ጎድጓዳዎች ተሞልቷል።

ሁለቱን ስባሪ ይዤ ኦቦ ድሪባ በረንዳ ሄድኩ።

«ባትሪው ጠፋብኝ» አልኳቸው።

ተቀብለው አገላበጡት። ሣቅ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሣቁም። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ የራሱ ብርሃን የለውም። የሰጡትን ነው የሚመልሰው።»

ከሣጥኑ የእጅ ባትሪ አወጡና ወደ ጨለማው ጎተራ ወሰዱኝ። ስባሪውን ግንድ ላይ አስቀመጡት። «ባትሪውን ከዓይንሽ አጠገብ አድርገሽ አብሪ» አሉኝ። አበራሁ፤ ቀዩ ነገር ቦግ አለ። «አሁን እጅሽን ወደ ጎን ዘርጊና አብሪ።» ዘረጋሁ፤ ጠፋ። ባትሪው ያው፣ ስባሪው ያው። መልሼ ወደ ዓይኔ አመጣሁት፤ በራ።

«ብርሃኑን ወደመጣበት ነው የሚልከው» አሉ። «የመኪናው መብራት ከሾፌሩ ዓይን በታች ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ያያል። መንገድ ዳር የቆመው አያይም።»

ያንን ቀን ያገኘሁትን ሁሉ በዚያ ባትሪ ፈተንኩ። ማንኪያ፣ የብስኩት ወረቀት፣ የድመቷን ዓይን። የድመቷ ዓይን በራ። ከዚያ ቦሬ የምትባለው ላም ዞር ስትል ሁለት ሰማያዊ አረንጓዴ እሳት ከጨለማው ውስጥ አዩኝ። ላሟም ውስጥ አንጸባራቂ እንዳላት ስነግራቸው፣ «ለዚያ ነው በመንገድ ላይ ከሰው ይልቅ ከብት ቶሎ የሚታየው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሣጥናቸው ተመለሱ።

አባዬ ሲመለስ ሦስታችን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ኦቦ ድሪባ ከሣጥናቸው የተሰበረ የመኪና የኋላ መብራት ቀይ ሽፋን አወጡ። አባዬ ጥቃቅን አምፖሎች የነበሩበትን የተበላሸ የእጅ ባትሪና የድሮ የሞባይል ባትሪ አመጣ። ኦቦ ድሪባ መበየጃውን ከሰል ላይ አግለው ሽቦውን ከአምፖሎቹ ጋር ሲያጣብቁ ነው ያ ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው። ቀይ ሽፋኑን በላዩ አደረጉና ውሃ እንዳይገባው ዙሪያውን በናስትሮ ጠቀለሉት፤ ከኮርቻው ሥር ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ የካላማዳሪያ ላስቲክ ጠፈሩት። እኔ ደግሞ የበኩሌን እንዳዋጣ ብዬ የእማዬን የመዝሙር ሲዲ ከኋላ ጎማው ላይ አሰርኩት። እማዬ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ልንፈትነው ተነሣን። ከግቢያችን ጀርባ ሜዳውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የጠጠር መንገድ አለ። እዚያ አንድ የሰፈሩ ወጣት ድንጋይ የሚያመላልስበት ገልባጭ መኪና ይቆማል። ኦቦ ድሪባ ቁልፉን ሲጠይቁት ወጣቱ ተገርሞ አያቸው።

«አንቱ መኪና ሊነዱ ነው፣ ኦቦ?»

«አልነዳም። ቁጭ ብዬ ላየው ነው። ከመሬት ሆኖ የሚያይና ከጋቢና ሆኖ የሚያይ አንድ አይደለም።»

ወጣቱ ሞተሩን አስነሥቶ መብራቱን አበራላቸውና ወረደ። ኦቦ ድሪባ መወጣጫው ላይ አንድ እግራቸውን አድርገው ትንሽ ቆዩ። ጉልበታቸው የታመማቸው መስሎኝ ከኋላ ገፋኋቸው። ወጡ። እኔም በሌላው በኩል ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አዝዬ ነበር፤ ፒንሳና ናስትሮ የያዝኩበት እሱ ነው።

አባዬ በጠጠሩ መንገድ ላይ ከእኛ ራቅ እያለ ነዳ። ሲዲው አንዴ እንደ መብረቅ ብልጭ አለና ከዚያ በኋላ ምንም አላሳየም። ቀይዋ መብራት ግን ቆየች። አባዬ ራሱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ጉሙ ውስጥ ቀልታ ትታይ ነበር። እኔ በደስታ ወንበሩ ላይ ዘለልኩ።

«ይታያል አይደል?»

«መብራት ይታየኛል» አሉ ኦቦ ድሪባ። ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው።

«አባዬ ነዋ!»

«አንቺ ስለምታውቂ ነው። እኔ የማላውቅ ሾፌር ብሆን ምን እላለሁ? መብራት ነው። ቤት ሊሆን ይችላል። የቆመ ሞተር ሊሆን ይችላል። ምን ያህል እንደሚርቅም አይነግረኝም።» ድምፃቸው ሻከረ። «በቂ አይደለም። ሂጂ ጥሪው።»

ከመኪናው ዘልዬ ወርጄ እየጮህኩ ሮጥኩ። አባዬን ይዤ ስመለስ ኦቦ ድሪባ ከጋቢናው ወርደው መንገዱ መሃል ቆመው ነበር። አባዬን ትተው እኔን ይዘው አዞሩኝ።

«ጀርባሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ቦርሳዬ ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰፋ ብርማ ጥብጣብ ነበር። ለጌጥ ነው ብዬ ነው የማውቀው።

«ስትሮጪ አየሁት» አሉኝ። «ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ወዲያው ሜሮን ናት አልኩ። አንድ ጊዜም አልተጠራጠርኩም።» ከዚያ ወደ ብስክሌቱ ፔዳል አመለከቱ። «ታደሰ፣ ስትነዳ ምንህ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው?»

አባዬ ያደረገውን ቦቲ ጫማ አየ። «እግሬ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማንንም ሳልጠይቅ የቦርሳዬን ጥብጣብ በምላጭ ፈታሁት። ቦርሳው አዲስ ነበር፤ ገና መስከረም ላይ ልይዘው ነው። እማዬ ስትደርስ ጥብጣቡን በአንድ እጄ፣ ሆዱ የተቀደደውን ቦርሳ በሌላው ይዤ ተቀምጫለሁ። ልትቆጣ አፏን ከፈተች።

«ለአባዬ ተረከዝ ነው» አልኳት።

ቦርሳውን ተቀበለችኝ። ትንሽ አገላበጠችው። ከዚያ መርፌና ክር አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ጥብጣቡን ለሁለት ቆርጣ፣ እያንዳንዱን ከካላማዳሪያ ላስቲክ ጋር ሰፍታ፣ ቦቲው ተረከዝ ላይ ልክ የሚቀመጥ ቀለበት አደረገችው። የተረፈችውን ቁራጭ በፔዳሎቹ ጠርዝ ላይ አጣበቅን። «መዝሙሬንም ፍታልኝ» አለችው አባዬን።

እሑድ ንጋት ላይ እማዬም መጣች። ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሆነን ተጣበብን፤ ኦቦ ድሪባ መሪው ጋ፣ እኔ መሃል፣ እማዬ በሩ በኩል። ጉሙ ካለፈው ቀን የባሰ ነበር። አባዬ መንገዱን ያዘ። አካሉ ወዲያው ተዋጠ። ቀይዋ መብራት ቀረች። ከሥሯ ግን ሁለት ብርማ ነጠብጣቦች ተራ በተራ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ሲርቁ አነሱ እንጂ አልቆሙም። የአባዬ እግር አረጋገጥ ራሱ ነበር፤ ግራውን ትንሽ ጠንከር አድርጎ ነው የሚረግጠው።

«ነመ» አሉ ኦቦ ድሪባ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ነመ ሰው ማለት ነው። ያንን ቃል አውቀው ነበር።

እማዬ አንገቷን ወደፊት አስግጋ ነጠብጣቦቹን እስኪጠፉ ተከተለቻቸው። «እሺ» አለች። በሩን ከፍታ ወረደችና እየተጣደፈች ወደ አባዬ አቅጣጫ በእግሯ ሄደች። ነጠላዋም ብዙ ሳትርቅ ጠፋ።

እኔና ኦቦ ድሪባ ብቻችንን ቀረን። መሪውን አልለቀቁትም።

«ያን ቀንም መብራት አይቼ ነበር» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም።

«የቱን ቀን?»

«ቤት መሰለኝ።»

መንገድ ጠፍቷቸው የነበረ መሰለኝ። ቤት መስሏቸው ሄደው ቤት ሳይሆን ሲቀር ተበሳጭተው ይሆናል አልኩ። «ታዲያ ማንን ጠየቁ?» አልኳቸው። መብራቱን አጥፍተው ወረዱ።

ማታ እራት ላይ እማዬን ጠየቅኳት። እማዬ ከሰፈሩ ሴቶች የሰማችውን ነገረችኝ፤ ኦቦ ድሪባ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ላይ ወተት ጭኖ በብስክሌት የሚሄድ ሰው ገጭተው ሰውየው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ መኪና አልነዱም። በሽማግሌ ከቤተሰቡ ጋር ታርቀዋል።

«የሳቸው ጥፋት አልነበረም ይላሉ» አለች እማዬ። «ሰውየው ያለ መብራት ነበር አሉ።»

«መብራት ነበረው እኮ» አልኩ። «ኦቦ ድሪባ አይቼዋለሁ ብለዋል። ቤት መሰለኝ ብለዋል።»

እማዬ የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። አባዬን አየችው። አባዬም አያት።

«ይህንን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «የሚናገሩት ኦቦ ድሪባ ራሳቸው ናቸው፤ አንቺ አይደለሽም።»

ሰኞ አባዬ ሥራ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ከተማ ወተት የሚያመላልሱት ብስክሌተኞች እያስቆሙት ይጠይቁት ጀመር። ሁለቱ ግቢያችን ድረስ መጡ። ጥብጣብ ከየት ይገኛል የሚለው የእኔ ሥራ ሆነ። የመንገድ ሠራተኞች የጣሉት አንጸባራቂ የተሰፋበት የተቀደደ ሰደርያ አገኘሁ፣ የሰፈር ልጆችን አሮጌ ቦርሳ በባትሪ እየፈተንኩ ለመንኩ። የሚያብረቀርቅ ሁሉ እንደማይመልስ፣ የሚመልሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀን ላይ ግራጫና አስቀያሚ እንደሚመስል ያኔ ነው ያወቅኩት። እማዬ ትሰፋለች፣ እኔ ከዓይኔ አጠገብ አብርቼ ካላሳለፍኩት አይወጣም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ኦቦ ድሪባ ደጃፋችን መጡ። ንጹሕ ኮትና ባርኔጣ አድርገዋል።

«ለእኔ አንድ ጥንድ» አሉኝ።

«ብስክሌት ሳይኖርዎት?»

«ለአንድ ወጣት ነው።» ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩ። «ሜሮን አብራኝ ትምጣ። እንዴት እንደሚሠራ እሷ ታሳየው። እኔም...» ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ይህቺ ልጅ የነገርኳትን ታውቃለች። ከፊቷ ሌላ ነገር መናገር አልችልም።»

እማዬ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ሹራቤን አመጣችልኝ።

በሚኒባስ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ጭቃ በሆነ ሜዳ ብዙ ተጓዝን። ኦቦ ድሪባ በመንገዱ ሁሉ በወረቀት የጠቀለልኩትን ጥንድ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ግድግዳው ላይ የወተት ጄሪካን የተንጠለጠለበት ብስክሌት ተደግፏል።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉት፣ ወጥተው በክብር ተቀበሉን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ገመቹ ሃያ ዓመት ይሆነዋል። አባቱ ሲሞት ጡት ይጠባ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን። ኦቦ ድሪባ አልተቀመጡም። ስጦታውን ለገመቹ ሰጡት።

ገመቹ ሲፈታው ግር አለው፤ እኔ ተንበርክኬ ቦቲው ላይ አሰርኩለትና ትምህርቴን ጀመርኩ። የራሱ ብርሃን እንደሌለው፣ የሰጡትን እንደሚመልስ፣ ሾፌሩ እግሩ ከፍ ዝቅ ሲል አይቶ ሰው መሆኑን እንደሚያውቅ። ገመቹ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ጥሩ ነገር ነው» አለ። «አባቴም መብራት ቢኖረው ኖሮ ይላሉ ሰዎች።»

«ነበረው» አሉ አዴ ጫልቱ። እንደ ሰለቸው ሰው፣ ማንም እንደማይሰማቸው እያወቁ ነው የተናገሩት። «የእጅ ባትሪ ከኋላው አስሮ ነበር። ድንጋዩን በዚህች እጄ ለውጬለታለሁ። ማን አመነኝ።»

በአማርኛ ነበር የምናወራው፤ ኦቦ ድሪባ ግን ወደ ኦሮምኛ ዞሩ። ቀስ ብለው ስለተናገሩ አብዛኛው ገባኝ።

«አስሮ ነበር» አሉ። «አይቼዋለሁ። ከሩቅ ነው ያየሁት። ቤት ነው ብዬ ፍሬን አልያዝኩም። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ መብራት አልነበረም አልኩ። ፈርቼ ነው።»

ገመቹ ተነሣ። አንዱ እግሩ ላይ ጥብጣቡ አለ፣ ሌላው ገና በእጄ ነበር። እናቱ እጃቸውን ብቻ አነሡ፤ ባለበት ቆመ።

አዴ ጫልቱ ኦቦ ድሪባን እያዩ፣ «ምን ዓይነት ነበር?» አሉ። «መብራቱ።»

ኦቦ ድሪባ ወዲያው መለሱ። «ነጭ አልነበረም። ቀላ ይላል። ጨርቅ የሸፈነው ይመስላል።»

«የቀሚሴ ቁራጭ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ። «ቀይ ቀሚስ ነበረኝ።»

ደጅ የታሰረች ጥጃ ገመዷን ትጎትታለች። የአዴ ጫልቱ ፊት ላይ እንባ እጠብቅ ነበር፤ አላየሁም። ትከሻቸው ግን ከባድ ነገር አውርዶ እንዳስቀመጠ ሰው ዝቅ ሲል አየሁ። ቂም ይሁን እፎይታ መለየት አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም።

«ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በሕይወት አሉ» አሉ በመጨረሻ። «ለእነሱም ይህንኑ ይነግሯቸዋል።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ዛሬ።»

«ዛሬ።»

አዴ ጫልቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ገመቹ፣ ሂድና ጥራቸው።»

ገመቹ ኦቦ ድሪባን አላያቸውም። ከእጄ ላይ ሁለተኛውን ጥብጣብ ወሰደ፣ ጎንበስ ብሎ ራሱ አሰረውና ጄሪካኖቹን አውርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። በሜዳው ላይ የሰንሰለቱን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ሰማነው።

አዴ ጫልቱ ከግድግዳው ሥር አንድ በርጩማ ሳቡና በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት።

«እስኪመጡ ይቀመጡ» አሉ።

ኦቦ ድሪባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥጃዋን እያየን፣ ሦስታችንም ጠበቅን።